ለደጃችን አንድ አግዳሚ

ለሳሎናችን ሶፋ ስንመርጥ ወራት እናጠፋለን። ግቢያችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንዲት ዱካና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው በዚህ ይብቃቃል። ጉልበታቸው የደከመ አያቶቻችንስ? ከዱካው ለመነሣት ያቅታቸዋል፤ የፕላስቲኩ ወንበርም ሲደገፉት ያዘነብላል። ስለዚህ «እዚሁ ይሻለኛል» እያሉ ቤት ውስጥ ይውላሉ። እኔን ባሕር ዳር ባለው ግቢዬ መጋዝና መዶሻ ያስጨበጠኝ ይህ ነው። ለወላጅ በጎ መዋል ሲባል ገንዘብ መስጠት ብቻ አይምሰለን።

ደጅ የሚያድር እንጨት ግን እንደ ሳሎን ዕቃ አይሠራም። የከተማችን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ከዚያ ለወራት የሚቆይ ፀሐይ ይከተላል። እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስም ይሰነጠቃል። የሚያበሰብሰው ደግሞ ከላዩ የሚያልፈው ዝናብ ሳይሆን ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ጣና ዳርቻ ወረድ ብላችሁ ታንኳን ተመልከቱ። የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። በዚህ ሙያ ከጥንት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችን ታንኳቸውን ከቀዘፋ በኋላ ወደ የብስ አውጥተው ያደርቁታል። ውኃን በጥንካሬ አይታገሉትም፤ መውጫ ይሰጡታል። የአግዳሚም ምሥጢር ይኸው ነው።

እንጨቱን ስትመርጡ ባሕር ዛፍ በዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ጽድ ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል። ዋንዛ ለመጋዝም ለመላጊያም የሚመች፣ ብዙ የማይጣመም ነው። ሆኖም እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ወይም ሳንቃ ብታገኙ አትናቁት። ለዓመታት የደረቀ ነው፤ ዛፍም አያስቆርጥም። አዲስ ጣውላ ከገዛችሁ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያጋደማችሁ ከርክሙት፤ ጥላ ሥር ነፋስ እያገኘው በበጋው ወራት ይድረቅ።

ለሦስት ሰው 150 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። የመቀመጫው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለአረጋውያን ትንሽ ከፍ ቢል መነሣቱ ይቀላቸዋል። በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ የክንድ መደገፊያ አድርጉለት። የመቀመጫውን ሳንቃዎች አታጋጥሟቸው፤ በየመካከላቸው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ዝናቡ በዚያ ይወርዳል። ምስማር ከመምታታችሁ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፤ የሳንቃው ጫፍ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። እግሮቹን አፈር ውስጥ አትቅበሩ። የተቆረጠው ጫፍ እርጥበት ይስባል፤ ምስጥም በዚያ ይገባል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሟቸው። በመጨረሻ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብታችሁ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ግን ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ይህን ሥራ ስትጀምሩ ልጆቻችሁን አትግፏቸው። አንዱ ሳንቃ ይያዝ፣ ሌላዋ ትለካ። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ልጆቻችንም ይህን ንቀት ሳናውቀው ከእኛ ይወርሱታል። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ ግን በሐዲስ ተነግሮናል። ልጅ ይህን ከመስማት አልፎ አባቱ መላጊያ ይዞ ሲያልበው ቢያይ፣ ነገ በመንገዱ የሚያገኘውን አናጺ ቀና ብሎ ሰላም ይለዋል።

እንግዲህ ዝናቡ ሲያባራ ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ።