ስለ ድሬዳዋ ሙቀትና ስለ እጅ ላብ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ከ2300 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ቆላ ስለሚደርስ፥ ካፖርቱን በመንገድ ያወልቃል። የምድር ባቡር በ1895 ዓመተ ምሕረት የደረሰባት ይህች ከተማ በከዚራ የዛፍ ጥላ ታሳርፋለች፤ በቀፊራ ገበያ ግን ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል። በዚያ ማላብ ነውር አይደለም፤ ላብ ሲተን ገላን ያቀዘቅዛልና። ቀጭን የጥጥ ልብስ መልበስና ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይበቃል።

አብሮኝ የወረደው ወጣት ጸሐፊ ግን እጁን በአዲስ አበባ ብርድም ያልበዋል። ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ይፈስሳል፤ ታላላቅ ሰዎችን መጨበጥ ያፍራል፤ የማያውቁትም ፈሪ ይሉታል።

«ጌታዬ፥ እዚህስ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አሳዘነኝ።

ማታ ስንጨዋወት ነገሩ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የላብ ዕጢዎችን የሚያዝዘው ነርቭ ከልክ በላይ መሥራቱ እንደ ሆነ ነገርሁት። ሐኪሞች አልሙኒየም ክሎራይድ ያለበትን ቅባት ያዝዛሉ፤ ማታ በደረቀ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ጧት ይታጠባል፤ የቆሰለ ቆዳ ግን ያቃጥላል። ይህ ባይበቃ እጅን ውሃ ውስጥ አኑሮ ደካማ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ሕክምና አለ፤ ለነፍሰ ጡርና የልብ ምት መሣሪያ ለተተከለለት ሰው ግን አይፈቀድም። አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ ከትኩሳት፥ ከሳልና ከመክሳት ጋራ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል።

ወጣቱም በተመለስን በሳምንቱ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደ። ዛሬ እጁ ደኅና ነው፤ የቀለም መምጠጫውን ወረቀት ግን ከክንዱ ሥር እስካሁን አላነሣም።