በሜዳው ዳር ቆመን የተማርነው ሥራ

ወላጆች ልጃቸው ኮሌጅ ገብቶ ሕክምና ወይም ሕግ ወይም የሒሳብ አያያዝ የተማረላቸው እንደ ሆነ ደስ ይላቸዋል፤ ለጎረቤትም ሲናገሩት አፋቸውን ሞልተው ነው። ልጁ ግን «የስፖርት ቪዲዮ ሥራ እለማመዳለሁ» ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ኳስ ለማየት ደግሞ ልምምድ ምን ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ በቤታችን ተጠይቆ ነበር፤ ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት ስላልቻልን፥ አሁን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፥ ይልቁንም ለእናቶችና ለአባቶች፥ ያየነውን በጽሕፈት ልናስረዳ ወደድን።

እኛ የተወለድነው በአዲስ አበባ ሲሆን ያደግነው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባታችን ታክሲ ይነዳሉ፤ እናታችንም በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ይሠራሉ። በ2022 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፈዋለን) ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፥ በምንማርበት አነስተኛ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ተለማማጅ ሆነን ሠራን። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ የሚገኘው እንደ አንድ ትምህርት የሚቈጠር ነጥብ ብቻ ነው። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ለነጥቡ ደግሞ እኛው ከፍለንበት!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለኮሌጁ የሚከፈለው በነጥቡ ቍጥር ልክ ስለ ሆነ፥ ለመሥራት ገንዘብ የከፈልነው እኛው ነን። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ሐሳባችን ከእናታችን ሐሳብ የተለየ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካሜራ አልነካንም። የተሰጠን ሥራ ገመድ መጠቅለል ነበር። ገመድ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የተጠቀለለ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ሽቦ ይጠመዘዛል፤ ሲዘረጋም ይቋጠራል፥ በጊዜ ብዛትም ይበጠሳል። ስለዚህ አንዱን ዙር እንደ ልማዱ፥ የሚከተለውን ዙር ደግሞ እጅን ገልብጦ ወደ ውስጥ እያዞሩ ይጠቀልሉታል፤ እንዲህ የተደረገ ገመድ በተወረወረ ጊዜ እንደ ውኃ ይፈሳል። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ እናታችንም አንድ ጊዜ ብናሳያቸው ከእኛ አስበልጠው ጠቀለሉት።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ተሰጠን፤ ትምህርቱም በነጭ ወረቀት ጀመረ። የሰው ዓይን በፀሐይም ቢሆን በመብራትም ቢሆን ነጩን ነጭ አድርጎ ያያል። ካሜራ ግን ነጭ ማለት ይህ ነው ብለው ካላሳዩት በስተቀር፥ በቀን ነጭ የነበረውን ማሊያ በመብራት ጊዜ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅና የሜዳው መብራት ሲበራ አንዱ ተለማማጅ ነጭ ወረቀት ይዞ በሣሩ ላይ ይቆማል፥ ሌሎቹም ካሜራቸውን ወደ እርሱ መልሰው ያስተካክላሉ። ደግሞም ከግብ እስከ ግብ የተሰመረ መስመር እንዳለ ያህል እናስባለን፤ ዋና ዋናዎቹን ካሜራዎች ሁሉ ከዚያ መስመር በአንድ ወገን ብቻ እናቆማለን። አንዱ ካሜራ ወደ ማዶ የተሻገረ እንደ ሆነ ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው ቡድን በድንገት ወደ ግራ የሚሮጥ ይመስላል፤ በቤቱ ተቀምጦ የሚያየውም ሰው ግራ ይገባዋል። ሯጭ ሲነሣ ደግሞ ከስዕሉ መካከል ላይ አይደረግም፤ ወዴት እንደሚሄድ እንዲታይ ከፊቱ ባዶ ቦታ ይተውለታል።

በካሜራው ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። ዳይሬክተሩ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ «ሁለት፥ ተዘጋጅ፤ ሁለት!» ባለ ጊዜ በሁለተኛው ካሜራ ላይ ያለችው መብራት ትበራለች። ያን ጊዜ የእኛ ዓይን የሁሉ ዓይን ይሆናል። ቀይዋ መብራት በበራች ቍጥር ክንዳችን ይደነዝዝ ነበር፤ ይህም እስከ ጥቅምት ድረስ አልለቀቀንም።

ያለፈውን ወዲያው መልሶ ማሳየት ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ነገር ተቈጥሯል፤ ነገር ግን የተጀመረበት ቀን ይታወቃል። በታኅሣሥ 7 ቀን 1963 የአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች በፊላዴልፍያ ሲጋጠሙ፥ የሲ.ቢ.ኤስ. ዳይሬክተር የነበረው ቶኒ ቨርና የተቈጠረውን ነጥብ ወዲያው መልሶ አሳየ። ተመልካቹ ሁለተኛ ነጥብ የተቈጠረ መስሎት እንዳይሳሳት አስተዋዋቂው በአፉ ማስረዳት ነበረበት። ለኛ የተሰጠን የዚሁ ሥራ ቅርንጫፍ ነበረ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ነገር በየሰዓቱና በየሴኮንዱ መዝግቦ፥ «መልሰህ አሳይ» በተባለ ጊዜ ሳይዘገዩ ማግኘት ነው።

አባታችን ልጃቸው ምን እንደሚሠራ የተረዱት በዚህ በኩል ይመስለናል። በመስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ ነበር። በአንድ ሴኮንድ 30 ስዕል የሚያነሣ ካሜራ ያየው እንደ ሆነ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ስዕል አይሞላም። አባታችን ይህችን ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ የማትሞላ ነገር ለእንግዳ ሲያወሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ስዕሎቹን አንድ በአንድ እያቆምን የምንቈጥር መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፥ «እንግዲያስ ዓይንህን ጠብቅ» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ «ኳሱን ተከተል» የሚል ነው። ነገር ግን የአነስተኛ ኮሌጅ ግጥሚያ በኢንተርኔት ሲተላለፍ የሚያየው ማን ነው? አንዳንድ ቀን ተመልካቹ ከመቶ ሰው አይበልጥም ነበር፤ እነርሱም አብዛኞቹ የተጫዋቾቹ ወላጆች፥ አያቶችና ታናናሾች ናቸው። ከሌላ ግዛት ሆነው፥ አንዳንዶቹም ከባሕር ማዶ ሌሊት ተነሥተው የሚያዩ ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ፥ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድመው ይህን አስታወቁን። «ተቀያሪ ሲገባ ፊቱንና ቍጥሩን አንድ ጊዜ አጥርተህ አንሣ፤ ቤተሰቡ ይህን ሲጠብቅ ነው ያመሸው» ይሉ ነበር። ከቡድናችን ውስጥ 14 ቍጥር የለበሰ አንድ ልጅ ነበረ፤ በሦስቱ ወራት ውስጥ የገባው አራት ጊዜ ብቻ ነው፥ ያውም ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። አራቱንም ጊዜ አነሣነው። ከጎሎቹ ይልቅ በዚህ ስዕል ደስ የሚለን መሆኑን ብንናገር የሚያምነን ጥቂት ሰው ነው።

በጥቅምት ወር በአንድ ምሽት ግጥሚያ ላይ የኛ አጥቂና የባላጋራው በረኛ በአየር ላይ ተጋጩ። በረኛው ተነሣ፤ አጥቂው አልተነሣም። እኛ በሁለተኛው ካሜራ ላይ ነበርን፥ ለወደቀውም ልጅ ከሁሉ የቀረብን እኛ ነን፤ ቀይዋ መብራትም በርታ ነበር። ዳይሬክተሩ ወዲያው «ወደ ሰፊው!» አለና ስዕሉን ከሩቅ ወደሚያሳየው ካሜራ አዞረው። ግጭቱ ዳግመኛ አልታየም። ከዚያ በኋላ ስምንት ደቂቃ ያህል ተመልካች ያየው የሜዳውን ሣር፥ መብራቱንና ከሩቅ የተሰበሰቡትን ሰዎች ነው። ልጁ በቃሬዛ ወጣ፤ በሐኪም ቤት ሲታይ በራሱ ላይ መናወጥ ደርሶበት ነበር፥ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ በደኅና ተመለሰ። እኛም ዳይሬክተሩ ያደረገው የጨዋ ሥራ ነው ብለን ረክተን ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ የልጁ እናት ከቴክሳስ ስልክ ደወሉ። ኃላፊው ድምፁን ከፍተውት ስለ ነበረ እኛም ሰማን። ሴትዮዋ አልተቈጡም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበረ። የፈለጉት ፊቱን ወይም ቍስሉን ለማየት አልነበረም፤ እጁ ሲንቀሳቀስ አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ፈልገው ነበር። «ስምንት ደቂቃ ሣር አሳያችሁኝ» አሉ። ኃላፊው ምንም ክርክር ሳያነሡ እስከ መጨረሻው ሰሙዋቸው። ሕጉን አልለወጡም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጫዋች በወደቀ ጊዜ ከሜዳው ሐኪም ጠይቆ ወዲያው ለቤተሰቡ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው እንዲመደብ አደረጉ።

ይህ ነገር በትልቁ መድረክም የታየ ነው። በሰኔ 12 ቀን 2021 ዴንማርክና ፊንላንድ በኮፐንሃገን ሲጋጠሙ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ በሜዳው ላይ ወደቀ። ጓደኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያውን እንደ አጥር ቆሙለት፤ ካሜራዎቹ ግን ሐኪሞቹ ደረቱን ሲጫኑ፥ ሚስቱም ወደ ሜዳ ወርዳ ስታለቅስ አሳዩ። ስዕሉን ለሕዝቡ ያስተላለፈው ቢ.ቢ.ሲ. በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ኤሪክሰን ድኖ እንደ ገና መጫወቱ የታወቀ ነው። ጓደኞቹ ያደረጉትን ካሜራዎቹ ማድረግ ይገባቸው ነበር ብለን እንፈርዳለን፤ ነገር ግን የቴክሳሷን እናት ድምፅ ከሰማን ወዲህ ይህን ፍርድ የምንናገረው እንደ ቀድሞው በድፍረት አይደለም። ለማያውቀው ሰው መሸፈን ይገባል፤ ለእናት ግን መሸፈን ራሱ ሌላ ሥቃይ ነው፥ ስዕሉም ለሁለቱ አንድ ነው።

ለወላጆች አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። የቡድን ልምምድ የሚነሣው ከከፍታ ላይ ነው፤ አሠልጣኞች የተጫዋቾቹን አሰላለፍ ከላይ ሆነው ለማየት ይፈልጋሉና። በጥቅምት 27 ቀን 2010 በኢንዲያና ግዛት በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ፥ የቡድኑን ልምምድ ቪዲዮ ያነሣ የነበረ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ በብርቱ ነፋስ ቀን፥ የቆመበት ከፍ ዝቅ የሚል መወጣጫ ወድቆበት ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በኋላም ልምምዱን ከሩቅ ሆነው በሚያዝዟቸው ካሜራዎች ማንሣት ጀመረ። እንዲህ ያለው መወጣጫ በደጅ ሲሠራበት ነፋሱ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለፈ እንደ ሆነ መውጣት አይገባም። የኛ ኃላፊ የነፋስ መለኪያ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜም አሠልጣኙ እያጕረመረመ «ዛሬ ማንም አይወጣም» ብለው ከለከሉ። እንግዲህ ልጅዎ እንዲህ ወዳለ ልምምድ የሚሄድ እንደ ሆነ «ደመወዝ አለው ወይ?» ብለው መጠየቅዎ ደግ ነው፤ ነገር ግን «በነፋስ ቀን ማን ያወርደዋል?» ብለውም ይጠይቁ። መልሱን ወዲያው የማያገኙ እንደ ሆነ ልጅዎን ያስቀሩ።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ ኮሌጁ በሰዓት እየከፈለ በየግጥሚያው እንድንሠራ አደረገን፤ ክፍያው ብዙ አይደለም፥ የመጽሐፍ ዋጋ ያህል ይሆናል። እናታችን ስለ ነጥቡ የከፈልነውን ገንዘብ እስከ አሁን አልረሱትም። ይሁን እንጂ ማታ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት፥ ቡና እያፈሉ፥ ስልካቸውን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፈው ግጥሚያውን ያያሉ። የኳስ ሕግ አያውቁም። መጀመሪያ ጊዜ የጠየቁን «ያንተ ስዕል የትኛው ነው?» ብለው ነበር፤ ከግራው ማዕዘን፥ ዝቅ ብሎ የሚታየው ነው አልናቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ስዕል በመጣ ቍጥር ለአባታችን «ይቺ የኛ ናት» ይሏቸዋል።

በ2023 መስከረም አዲሱ የውድድር ወራት በተጀመረ ጊዜ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ደወሉልን። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁም። «ያ 14 ቍጥር ልጅ ዛሬ ለምን ሳይገባ ቀረ? አሞት ነው እንዴ?» አሉ።