ስለ ተቃና እግርና ስላልተቃና አረማመድ

ስለ ራስ ብዙ መናገር ደግ እንዳይደለ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ነገር ከሰው የሰማሁት ያይደለ በሥጋዬ የተማርሁት ስለ ሆነ፥ ከእናንተ መካከል የሚያነክስ ወይም የሚያነክስ ልጅ ያለው ሰው ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ጻፍሁት።

በልጅነቴ በፎገራ ሜዳ ከብት ስጠብቅ፥ የርብ ወንዝ ሞልቶ በሜዳው ላይ በተኛበት ክረምት፥ ከውኃው ሸሽቼ ስሮጥ ወደቅሁና የቀኝ ቅልጥሜ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረልኝ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ዳሩ ግን ስብራቱ ተደራርቦ ገጠመና እግሬ ከወንድሙ በ4 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ በወረታ ከተማ ሰው ፊቴን ሳያይ በአረማመዴ ያውቀኝ ነበር። በማኅሌትም ጊዜ መቋሚያ ለሌሎቹ የዝማሜ ስትሆን ለኔ ምርኩዝ ነበረች።

ጐልማሳ ከሆንሁ በኋላ አጥንት የሚያስረዝም ሕክምና መኖሩን ሰማሁ። አንድ የማከብራቸው ቄስ ነገሩን ሲሰሙ፥ «በወንጌል ስለ ቁመትና ስለ ክንድ የተነገረውን ዘነጋኸውን?» አሉኝ። እኔም፥ «አባቴ፥ የምሻው ቁመት አይደለም፤ ሁለቱ እግሮቼ እኩል ምድር እንዲረግጡ ነው» ብል፥ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው ባረኩኝ።

ይህን ዘዴ ያገኘው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለው ሐኪም ነው፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይቤርያ በኩርጋን ከተማ ሠራበት። እግሩን በብረት ቀለበቶች ይከብባል፤ ቀጫጭን ሽቦዎችን እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ወጥሮ በአጥንቱ ውስጥ ያሳልፋል። የቀለበቶቹን ሐሳብ ያገኘው የፈረስ ጋሪ ዕቃ አይቶ ነው ይባላል። ከዚያ አጥንቱ በጥንቃቄ ይቈረጣል፤ አንድ ሳምንት ያህል ከቈየ በኋላም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሳባል። እጅግ ቢፈጥን ክፍተቱ አይሞላም፤ እጅግ ቢዘገይ ሳይረዝም ይጋጠማል። ልኩን ቢጠብቅ ግን ሐኪሙ ምንም ሳይጨምርበት አጥንቱ ራሱ ክፍተቱን ይሞላዋል።

ለኔም በአዲስ አበባ ይኸው ተደረገልኝ። ቡሎኑን በየ6 ሰዓቱ ሩብ ሚሊ ሜትር፥ ማለት በነግህ፥ በቀትር፥ በሠርክና በመንፈቀ ሌሊት በገዛ እጄ አዞርሁ። በ40 ቀን 40 ሚሊ ሜትር ሞላ። አጥንቱ እስኪጠነክር ድረስ ግን ብረቱ ወራት ቈየ፤ በስድስተኛው ወር ወለቀልኝ። ሁለቱን ተረከዞቼን አጋጥሜ ባየሁ ጊዜ አለቀስሁ፤ ነገሩም የተፈጸመ መሰለኝ።

ወደ ወረታ በተመለስሁ በሁለተኛው ወር፥ ምርኩዙን ጥዬ በገበያው በኩል ሳልፍ ከኋላዬ የልጆች ሣቅ ሰማሁ። ዞር ብል አንድ ትንሽ ልጅ አረማመዴን እየቀዳ ያነክሳል። ልጁን አልተቈጣሁትም፤ የቀዳው እውነቱን ነበርና። አጥንቴ እኩል ነበረ፤ እኔ ግን አነክስ ነበር።

በባሕር ዳር ለምትረዳኝ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለተማረች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይህን ብነግራት፥ «አጥንት ሲረዝም ጅማትና ሥጋ ወደ ኋላ ይጐትታሉ፤ ወገብህም ማነከስን ለብዙ ዘመን ተምሯል። አጥንቱን ሐኪሙ አቅንቶልሃል፤ የቀረውን አንተ አስተምረው» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ትእዛዝዋን ያዝሁ። አንደኛ፥ ነጠላ አጥፌ በእግሬ ጣቶች ሥር አሳልፌ ወደ ራሴ እስባለሁ፤ ተረከዜ ምድር መንካት እምቢ ብሎ ነበርና። ሁለተኛ፥ ጥቂት ሩዝ በከረጢት ቋጥሬ ከቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ እግሬን አነሣለሁ። ሦስተኛ፥ እጄን ሳልደግፍ ከመደብ እነሣለሁ፤ እቀመጣለሁ። ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲጠነክርም በሩዝ ማሳዎች መካከል ባለችው ጠባብ የአፈር ክትር ላይ ቀስ ብዬ እሄድ ጀመር። በዚያች ክትር ላይ ያነከሰ ሰው ወደ ማሳው ይወድቃልና፥ ከእርስዋ የሚሻል መምህር አላገኘሁም። ስንት ጊዜ ጭቃ ለብሼ እንደ ተመለስሁ ቤተ ሰቦቼ ያውቃሉ።

በዚያ ወራት መልካም በተባለው ደጅ አጠገብ ይለምን የነበረውን ሰው ታሪክ ሳነብ፥ ከዚህ በፊት ያላየሁትን አየሁ። ያ ሰው ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ ነበረ፤ መራመድን ከቶ አልተማረም። እርሱ ግን ወዲያው ዘለለ። እንግዲህ በዚያች ሰዓት የተሰጠው የአጥንት ጥናት ብቻ አይደለም፤ የአረማመድ ትምህርቱም ሁሉ አብሮ ነው። ለኔ በወራት ሩብ በሩብ የተሰፈረልኝ ለእርሱ ባንድ ጊዜ ተሰጠው። ተአምሩ እጅግ ታላቅ መሆኑን ያስተማረኝ የገዛ ድካሜ ነው።

የንስሐም ነገር እንዲሁ መሰለኝ። ካህኑ ሲፈታን ስብራታችን ይጠገናል፤ የቀድሞው ልማድ ግን እግራችንን ይዞ ይቀራል። ቀኖና የሚሰጠን ስለዚህ ይመስለኛል።

ደግሞ ምንም ሳይጐድልበት ለቁመት ብቻ ይህን የሚሻ ወጣት አጋጥሞኛል። ለእርሱ የነገርሁት ይህን ነው፤ የቻይና መንግሥት ለመልክ ተብሎ የሚደረገውን በ2006 እ.ኤ.አ. ከልክሏል። ቫለሪ ብሩሜል የተባለው የሩስያ ዘላይ 2 ሜትር ከ28 ዘልሎ የዓለምን ክብር ይዞ ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቀቀ። ኢሊዛሮቭ እግሩን አቀናለትና ዳግመኛ ዘለለ፤ ከቀድሞው ከፍታ ግን አልደረሰም። ለተሰበረ ሰው ይህ ትርፍ ነው፤ ለደኅና ሰው ግን ኪሣራ ነው።

በኅዳር ጽዮን ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆምሁ። መቋሚያዬን ከብብቴ አውጥቼ እንደ ጓደኞቼ ዘመምሁባት። ሊነጋ ሲል ደክሞኝ ጥቂት ተደገፍሁባት፤ ይህንም አልሸሽግም።

ልጆች ያላችሁ ወገኖች ሆይ፤ ልጅ ሲሰበር ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት፤ እጅግ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ከልክሎ እስከ መቈረጥ ያደርሳልና። ሐኪሙም ካቀናው በኋላ ተፈጸመ አትበሉ። እኔ ዛሬም በየማለዳው ነጠላዬን አጥፌ ተረከዜን እስባለሁ።