ጋዙ ሲያልቅ

በእኛ ቤት የመኝታ ሰዓት የሚወስነው ኩራዙ ነበር። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል፤ ብርሃኑ ግን የእኛን ሰፈር ዘሎት ያለፈ ይመስለኛል። መብራት ያስገቡ ጎረቤቶች ነበሩ። እኛ የነበረችን ጥቁር ጭስ የምትተፋ አንዲት ኩራዝ ናት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አያቴ፣ እቴቴ፣ «ጋዙን ልትጨርሱት ነው?» ትልና እፍ ትላታለች። በቃ፣ ነጋ እስኪባል ድረስ ቀኑ አልቋል።

ከዚያ በፊት ግን እግር መታጠብ አለ። እራት የበሰለበት እሳት ላይ የተረፈውን ፍም ገልጣ ውሃ ትጥዳለች፤ ለብ ሲል ሳፋው ላይ ገልብጣ ሦስታችንንም በተራ ዱካ ላይ ታስቀምጠናለች። እጇ ሞረድ ነው። ተረከዛችንን በድንጋይ ስትፈትገው እንጮሃለን፤ «ይሄን እግር ይዘህ ነው ብርድ ልብሴ ውስጥ የምትገባው?» ትለኛለች፣ በቀሚሷ ጠርዝ እያደራረቀች። ከዚያ እግራችን ሳይቀዘቅዝ ሩጫ ነው። ሦስት ልጅ ባንድ አልጋ፣ የአንዱ እግር የሌላው አፍንጫ ሥር፣ ከላይ የከተማችን ፋብሪካ የሠራው ብርድ ልብስ፣ ከእሱም በላይ ጋቢ። በጨለማው ውስጥ እቴቴ ተረት ትጀምራለች። የብዙዎቹን ተረቶች መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አሁን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እተኛለሁ። ማለትም እጋደማለሁ። ስልኬ ላይ የማየው ተከታታይ ድራማ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል፤ የሁሉንም መጨረሻ አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ጭንቅላቴ ይከፈታል፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእድር ቅጣት፣ ከዓመታት በፊት ለአለቃዬ መመለስ የነበረብኝ መልስ። የሚገርመው መልሱ አሁን ጥርት ብሎ ይመጣልኛል።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ አክብራ «እርስዎ» እያለች አስረዳችኝ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኙ። ቡና ከምሳ በኋላ ይቅር፤ ከጠጡት ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስልኩ ከመኝታ ቤት ይውጣ። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ እምቢ ካለ ይነሱ፣ ሲያዳፋዎት ይመለሱ፤ አልጋው የሐሳብ ቦታ መሆኑን እንዲረሳ ነው። ቀጥላ «እግርዎን በሞቀ ውሃ ቢታጠቡስ?» አለችኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እግር ሲሞቅ እንቅልፍ ፈጥኖ እንደሚመጣ ጽፈዋል፤ የእግር የደም ሥሮች ሲሰፉ የውስጥ ሙቀት በዚያ ይወጣል፣ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ለካርድና ለምክር ከፍዬ የእቴቴን ሕግ በወረቀት ተቀብዬ ወጣሁ።

እቴቴ ስለ እንቅልፍ አንድ ቃል ስትናገር አልሰማሁም። የምታውቀው የጋዝ ዋጋ ነው። ሬዲዮናችንም በጊዜ ዝም የሚለው የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ነበር፤ የደከመውን ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፣ እንደ በርበሬ። ቡናዋን ግን 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣለች፤ ሐኪሟ ብትሰማ ትደነግጣለች።

ለመሆኑ እቴቴ ትተኛ ነበር? ይሄን የጠየቅሁት እኔ ራሴ እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው። ሌሊት ለፖፖ ስነሳ በጨለማው ውስጥ የመቁጠሪያዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ አጎቴን ወስደውት ሰሜን ነበረ። ደብዳቤው በ8 ወር አንዴ ይመጣል፣ ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ። ቤት ውስጥ ማንም እንቅልፍ አጣች አላለም፤ «ጸሎት ላይ ናት» ነው የሚባለው። እኛ ድንጋይ ሆነን የተኛነው አለመተኛቱን እሷ ስለያዘችልን ነው።

የእኔ ልጅ ሜሪላንድ ናት። ክረምታቸው ሲሆን በ8 ሰዓት እንለያያለን፤ ከሥራ ወጥታ ስትደውል እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። «አባዬ፣ አልተኛህም እንዴ?» ትለኛለች። «አሁን ልተኛ ስል ነው» እላለሁ፣ ከወረቀቱ አንድ ትእዛዝ እየሰረዝኩ። ድምፅዋን በሰማሁ ማግስት ቀና ብዬ እሄዳለሁ። እንቅልፌን የሚያባርረውም የሚያመጣውም ያው አንድ ዕቃ ሆነና ሐኪሟ የቱን እንዳወጣ እንደነገረችኝ ግራ ገባኝ።

ወረቀቱን ፈጽሜ አልናቅኩትም። የነገ ሥራዬን ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ እጽፋለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ያደረጉ ወጣቶች የሠሩትን ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። 9 ደቂቃ ለእኔ ብዙ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ውሃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አፈላሁ፣ አበረድኩት፣ ስልኬን ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጬ ሳሎን ሶፋ ላይ እግሬን ነከርኩ። ተረከዜን የሚፈትግ የለም፤ የሚቆጣኝም የለም። መቼ እንዳሸለብኩ አላውቅም።

ስነቃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል፣ ውሃው በረዶ ነው። ለወራት እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ከወጥ ቤት ስልኩ ብልጭ ይላል፦ ሁለት ያልተነሱ ጥሪዎች፣ ከሥራቸውም «አባዬ፣ ምነው? ደህና ነህ?» የሚል መልእክት። እሷ ጋ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እግሬን በፎጣ ጠራርጌ ደወልኩላት።