ለአጣና የሚል ሽቦ

የምኖርበት ሰፈር ሲ.ኤም.ሲ ይባላል። ነዋሪው ሁሉ ስሙን እንደ ኮተቤ፣ እንደ የካ ሚካኤል በአፉ ያዞረዋል እንጂ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልገጠመኝም። በ1901 እ.ኤ.አ. ራቬና በተባለች የጣሊያን ከተማ ግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዘመን ተሻግሮ ትልቅ ተቋራጭ ሆነ፤ እኛም አገር መጥቶ ሠራ፤ የስሙን ሦስት ፊደላት ለሰፈራችን ትቶ ሄደ። ግንበኛ ይሄዳል፤ ስም ይቀራል።

ከጣሊያን የቀረልን የሰፈር ስም ብቻ አይደለም። የአንድ አሮጌ መኪና ኮፋኖ ሲከፈት የሚታየው ግማሽ መዝገበ ቃላት ነው። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ... ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ መቆንጠጫው ፒንሳ፣ ሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ። በ1928 ዓ.ም. በጠላትነት የመጣው በ1933 ዓ.ም. ተሸኘ፤ ቃላቱ ግን በየጋራዡ ዘይት ለብሰው፣ አማርኛ ተምረው ቀሩ። ዛሬ አንድ የመርካቶ መካኒክ «ካንዴላው ሞቷል» ሲል የሚናገረው ያልተበረዘ አማርኛ ነው። ካንዴላ በአገሩ ሻማ፣ ፍሬቻ ቀስት፣ ማርሚታ ድስት ማለት እንደሆነ ቢነግሩት ይስቅ ይሆናል እንጂ ቃሉን አይመልስም።

ይህን የማነሣው ስለ አንድ ጽሑፍ ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው። የጽሑፉ ደራሲ አባቴ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ ዕድሜውን በመሪ ላይ የፈጀ ሰው ነው። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ መጻሕፍት አነባለሁ፤ አባቴ ግን ከፊርማው በቀር ሲጽፍ አይቼው አላውቅም ነበር። የጻፈው ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገር የለውም። መስመሮችና ስሞች ብቻ ናቸው፦ ከባትሪ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ካንዴላ፣ ወደ ክላክስ፣ ወደ ፍሬቻ። የአንድ መኪና የኤሌክትሪክ መስመር ካርታ ነው።

መኪናው የ1982 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። በ1990ዎቹ፣ ሲ.ኤም.ሲና አያት ቤት በቤት ላይ ሲሠራባቸው፣ አባቴ ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ አጣና እየጫነ ለግንበኞች ያመላልስበት ነበር። ዐቀበቱ ላይ መኪናው ያቃስታል። እናቴ ጭነት ስለበዛበት ነው ትል ነበር። አባቴ ግን «አየሩ ነው» ይላል። ልክ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ፣ ጉድለቱ ሠላሳ በመቶ ይደርሳል። ሞተር ደግሞ የሚነዳው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ አየር መተንፈስ አለበት። ሠላሳ በመቶ አየር የጎደለበት ሞተር ሠላሳ በመቶ ገደማ ጉልበት ይጎድለዋል።

ለዚህ ችግር መላ የመቱት ከእኛ በፊት ነው። አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. ለተርቦ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ሐሳቡ በጭስ ማውጫው በከንቱ የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ ለሥራ ማዋል ነው። ጋዙ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ይገፋል፤ ተሽከርካሪው በሌላ ጫፉ ንጹሕ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሣሪያውን ሊፈትን አንድ የአውሮፕላን ሞተር ይዞ የወጣው ፓይክስ ፒክ ከተባለ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ተራራ አናት ላይ ነበር። ተርቦ የፈጣን መኪና ጌጥ ነው የሚመስለን፤ ነገር ግን ለደጋ ሰው የተፈጠረ ነው ቢባል ያስኬዳል። አባቴ ስለ ሞስ አልሰማም። ተራራውን ግን ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሶማሌ ተራ ተርቦ ያለው ባለ 2,446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ገዝቶ፣ እግሮቹን አስበይዶ፣ ቧንቧዎቹን አስቀይሮ ገጠመው። ከዚያ ወዲያ ሃይሉክሱ ዐቀበቱን እያፏጨ ይወጣ ጀመር።

የቀረው ሽቦው ነበር። አሮጌው ሽቦ ግማሹን አይጥ በልቶታል፤ ግማሹን ደግሞ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ እየቀጠለ፣ ባዶውን እያጠማዘዘ፣ አንድ ቀን ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ አወጣ። አባቴ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሁሉንም ነቅሎ አወጣና ካላንደሩ ጀርባ ላይ አዲሱን ነደፈ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ደከመ፤ ቃላቱ ጠፉ። የሚሰማውን ይረዳል፤ መመለስ ግን አይችልም። «እሺ» ሲል መስማማቱ ይሁን እምቢታው የሚለየው ከዓይኑ ነው። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኑን ማየት እያደር ተውን። በፊቱ ስለ እሱ እንነጋገራለን፤ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚሸጥለት። ክፋት አይደለም። ዝምታ ረጅም ሲሆን ሰው የሌለ ያህል ይለመዳል።

መኪናው ሦስት ዓመት ቆሞ ከረመ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የግቢያችንን በር እያንኳኳ ስለ አሮጌው ሃይሉክስ የሚጠይቅ ሰው በዛ። ከሁሉ የጸናው አንድ ነጋዴ የፈለገው ሞተሩንና ተርቦውን ብቻ ነበር። «ቀሪው ለምናለሽ ተራ ይሆናል» አለ፤ ብረቱ ተቆራርጦ ይሸጣል ማለቱ ነው። ወንድሜ ተስማማ። የአባታችን የፊዚዮቴራፒ ወጪ ቀላል አይደለምና ልወቅሰው አልችልም። እኔ ግን የሁለት ወር ጊዜ ጠየቅሁ። በሥራ ላይ ያለ መኪና ከቆመ መኪና የተሻለ ዋጋ ያወጣል አልኩት። ይህም ሐሰት አልነበረም።

እነሆ በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ካላንደሩን ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ሥራ ጀመርሁ። አባቴን በወንበሩ በረንዳው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ዝናብ እየጣለ ከቆርቆሮው ሥር እሠራለሁ።

ውድ አንባቢ፣ የናፍጣ መኪና ኤሌክትሪክ ከምታስበው ይቀላል። ናፍጣ የሚነደው አየሩ ታምቆ ሲግል ስለሆነ እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አይፈልግም። ካንዴላው የሚያስፈልገው በብርድ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሣት፣ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ከተነሣ በኋላ እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር አንድ ሽቦ ይበቃዋል፤ ናፍጣውን ከፍታ የምትይዝለትን ትንሽ ቫልቭ የሚመግበው ሽቦ። ተርቦው ራሱ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ነገር ግን በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነና የሚንሳፈፈው በሞተሩ ዘይት ላይ ስለሆነ፣ አባቴ ለዘይት መብራቱ የተሰመረችውን መስመር ሁለት ጊዜ አድምቆ አስምሮባታል።

ከካርታው የተማርሁት ብዙ ነው። የቤት ሽቦ ለመኪና አይሆንም፤ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ስለሆነ መንቀጥቀጥ ይሰብረዋል፤ የመኪና ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክር ሊኖረው ይገባል። አንድ የ60 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ 10 ይሆናሉ። ያንን ሁሉ በመሪው ሥር ባለችው ደካማ ማብሪያ ውስጥ ከማሳለፍ፣ ማብሪያዋ ሪሌውን ብቻ እንድታዝዝ፣ ሪሌው ደግሞ ከባትሪ በቀጥታ እንዲያሳልፍ ማድረግ ይሻላል። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች የፊት መብራታቸውን የሚያበሩትና የሚያጠፉት በፖዘቲቩ ሳይሆን በኔጋቲቩ በኩል ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሙሉ ቀን ይደናገራል። አባቴ ከጎኑ «ተገላቢጦሽ» ብሎ ጽፎበታል። ከአናቱ ደግሞ በትልልቅ ፊደላት፦ «መጀመሪያ ኔጋቲቭ ንቀል። መጨረሻ ኔጋቲቭ ግጠም።» ኪያቤው ፖዘቲቩን እየፈታ ሳለ የመኪናውን ብረት ቢነካ የባትሪው ኃይል ሁሉ በእጅ ላይ ይፈነዳልና ነው። እኔ እስከ ዛሬ ካነበብኋቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል እንዲህ የታመቁ አላጋጠሙኝም።

አንዲት መስመር ብቻ አልገባችኝም። ከፊውዙ ተነሥታ፣ በሻሲው ሥር አልፋ፣ ከኋላ ስፖንዳው ቀኝ ጥግ ላይ ትቆማለች። ጫፏ ላይ አንዲት የስፒና ሥዕል አለች፤ ከጎኗ «ለአጣና» ይላል። ለፍሬን መብራት፣ ለፍሬቻ፣ ለታርጋ መብራት የተሰመሩት ሁሉ ሌላ ናቸው። እንጨት ኤሌክትሪክ ምን ያደርግለታል?

ሽቦውን ዘርግቼ፣ ጫፉን በእጄ ይዤ ወደ በረንዳው ሄድሁ። «አባዬ፣ ይቺ ለምንድን ናት?» አልሁት። አየኝ። ደህነኛ ግራ እጁን አነሣና ከወንበሩ መደገፊያ አልፎ፣ እስከሚችለው ድረስ ወደ ውጭ ዘረጋው። ጣቶቹን ሰበሰበ፣ ፈታ፣ ሰበሰበ፣ ፈታ። አልገባኝም። ደገመው። ደከመውና እጁ ወደቀ።

ከማድ ቤት ብቅ ያለችው እናቴ ነበረች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆየችና ነገረችኝ። በ1990ዎቹ አንድ ማታ አባቴ ከእንጦጦ አጣና ጭኖ ሲወርድ፣ አጣናው ከስፖንዳው ሁለት ሜትር ያህል አልፎ ወጥቶ ነበር። በብስክሌት ከኋላ የሚመጣ ልጅ በጨለማ ገባበት። ልጁ ተርፏል፤ ፊቱ ላይ ጠባሳ ቀረ። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ነበርና አባቴን የጠየቀው አልነበረም። እሱ ግን ዓመታት ሙሉ ይህን ይል ነበር አለች፦ «ቀይ ጨርቅ ማታ ጥቁር ነው።»

የአባቴ እጅ አጣናው ነበር። የሚሰበሰቡትና የሚፈቱት ጣቶቹ መብራት ናቸው። በረጅም ገመድ ተስቦ ከጭነቱ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት።

ይህን ሳስብ መኪናውን መልሶ ስለ መንዳት እንዳልነበረ ገባኝ። ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ አዲስ ሲነድፍ፣ ማንም ያልጠየቀውን ዕዳ ቦታ እየሰጠው ነበር። ብዙ ሰው የሰውን እንጉልና ከሽቦ ጋር ያመሳስላል፤ ተቆርጧል፣ ይቀጠላል ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ሽቦ ከተቋረጠ ወዲያ ማዶ ምንም የለም። አባቴ ግን ማዶ ነበረ።

ጳጉሜን ሳይገባ ጨረስሁ። ኔጋቲቩን በመጨረሻ ገጠምሁ። ካንዴላው እስኪግል ዐሥር ቈጠርሁ፤ ቁልፉን አዞርሁ። መጀመሪያ አልያዘም፤ ሁለተኛም አልያዘም፤ በሦስተኛው አስነጠሰና ተነሣ። የዘይት መብራቱ ጠፋ፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። ከኋላ፣ በስፒናው ላይ የሰካሁት ቀይ መብራት በአጥሩ ላይ እያበራ ይጠፋ ነበር።

ነጋዴው በሳምንቱ መጣ። ሞተሩን ሰማ፤ ዋጋውን ከፍ አደረገ። ወንድሜ እጁን ሊሰጥ ሲል «ቆይ፣ ባለቤቱ ይጠየቅ» አልሁ። ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው፤ ወደ በረንዳው ሄዶ ጎንበስ አለ። «አባት፣ እንዴት ሰነበቱ? ሞተሩን ይሸጡልኛል?» ሲል በእርስዎታ ጠየቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ አባቴ ስለራሱ ንብረት ሲጠየቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሁላችንም ጠበቅን። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ ራሱን ግን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ፣ ዓይኑን ከነጋዴው ዓይን ሳይነቅል። ነጋዴው ገባው። «አልገባኝም እንዳልል ዓይናቸው ተናገረ» አለና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

የፊዚዮቴራፒው ወጪ አሁንም አለ። ወንድሜም ገና ሙሉ በሙሉ አልታረቀኝም። መኪናውን አንድ የሰፈር ሹፌር በሳምንት ሁለት ቀን እየጫነበት ኪራይ ይሰጠናል፤ ገንዘቡ አይበቃም፤ ግን አለ። ቀዩን መብራት ሳይሰካ ከግቢ እንዳይወጣ ውል አስገብቼዋለሁ።

ካላንደሩን ከመጻሕፍቴ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አኑሬዋለሁ። የቃላት አጠቃቀሙ እንከን የለውም፤ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ፣ ሁሉም የአባቴ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይጠፋም፤ በሒሳብ ደብተር ላይ፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ፣ ወይም በበርበሬ ሸጪዋ ዱቤ መዝገብ ውስጥ። ጸሐፊው በቤት ሳለ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁት፤ መልሱንም ቆማችሁ ጠብቁ።