ጥቁር ፊት፣ ነጭ ነጠላ

ነጭ ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት በቀትር ፀሐይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሞከረ ሰው ጭንቁን ያውቀዋል። ፊቷ ይታይ ሲል ነጠላው እንደ ኖራ ግድግዳ ይነጣል፤ ጥለቱም ፈትሉም ይጠፋል። ነጠላው ይታይ ሲል ደግሞ ፊቷ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ዓይን ግን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያያል። በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምናየው ነውና፣ ማየታችንን እንደ ጸጋ አንቆጥረውም።

ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ የዚህ ጭንቅ ምክንያት ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልካቸው የነበሩት የቀለም መመዘኛ ካርዶች ለዐሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረባቸው፤ ስማቸውም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ቀለሙ ልክ ነው የሚባለው የእርሷ ቆዳ ልክ ሲመጣ ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ቡናማ ቀለምን አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት። ጠረጴዛው ከሰው ፊት ቀድሞ አቤት አለ፤ ተሰማለትም!

ከአያቴ የቀረኝ ተንቀሳቃሽ ምስል አንድ ብቻ ነው፤ በ1988 ዓ.ም. በዘመድ ሠርግ ላይ የተቀረጸ የቪዲዮ ካሴት። ነጠላው ከድንኳኑ ይወጣል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ እጆቹን ዘርግቶ ሙሽራዪቱን ያቅፋል። በነጠላው ውስጥ ግን ጨለማ ነው። እልልታዋን እሰማለሁ፤ አፏን ግን አላይም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አምና የምሠራበት ባንክ ማስታወቂያ ሲያሠራ የገጠመኝ ነው። ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጦ ብር የሚቆጥር ሠራተኛ ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ተመረጥሁ፤ የዘወትር ሥራዬም ለአንድ እሑድ ትወና ተባለ። የካሜራ ባለሙያው አዲስ ሶኒ ኤፍኤክስ 6 ይዞ መጥቷል። በዚህ ካሜራ ተከፍሎት ሲሠራ ያ ቀን የመጀመሪያው ነበርና፣ በየዕረፍቱ ሌንሱን የሚያብሰው እንደ አራስ ልጅ ፊት ነበር።

ስለ ካሜራው ብጠይቀው «ስቶፕ» ስለሚሉት መለኪያ አጫወተኝ። አንድ ስቶፕ የብርሃን መጠን በእጥፍ ማደግ ነው። አምራቹ፣ ካሜራው ከድቅድቁ እስከ ደማቁ ከ15 ስቶፕ በላይ ይይዛል ይላል፤ በሥራ ላይ ከዚያ ዝቅ ቢልም። እኔም በባንክ ሠራተኛ ልማድ ቶሎ አሰላሁት፤ አንዲት ብር 15 ጊዜ በእጥፍ ብታድግ 32,768 ብር ትሆናለች። በካሜራው ውስጥ ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠቁርና የሚሳሳ ማጣሪያ አለ፤ የሚገባውን ብርሃን ከሩብ እስከ 128ኛ እጁ ድረስ ይቀንሰዋል። ደመና መጥቶ ሲሄድ ባለሙያው በአውራ ጣቱ አንዲት መዘውር ብቻ ያዞራል።

በመመልከቻው ላይ የሚታየው ምስል ግን ግራጫና የገረጣ ነበር። የገበያ ክፍል ኃላፊያችን ደነገጡ።

«ወንድሜ፣ ምስሉ ታመመ እንዴ?»

«አይዞዎት፤ ሰሙን ነው የሚያዩት። ወርቁ ቀለሙ ሲሠራ ይወጣል» አላቸው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ከባሕር ማዶ ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ ተቀብለው ከባንኩ የሚወጡ እናት ተራ ደረሰ። ነጠላቸው በፀሐይ ይነድዳል፤ ፊታቸው ጠይም ነው። ኃላፊያችን ፊታቸው ላይ ትልቅ መብራት እንዲበራ ጠየቁ። ባለሙያው አልተቀበለም። «እማማ፣ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ይጠጉልኝ» ብሎ ከጣሪያው ጥላ ሥር አቆማቸው፤ ረዳቱ ነጭ ፎም ይዞ ከጎን ተንበረከከ፤ ብርሃኑም ከፎሙ ተመልሶ በጉንጫቸው ላይ ቀስ ብሎ ዐረፈ። የነጠላው ንጣት እንዳይቃጠል በመለኪያው እያየ ደጋግሞ አስተካከለ። ለጥቂት ሰኮንድ ምስል ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«ካሜራው ሁለቱንም ይይዛል አላልኸኝም? ታዲያ ምን አደከመህ?» አልሁት።

«ይይዛል። ግን የማን ፊት እንደ ሆነ አያውቅም» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ሙንላይት»ን ያየ ሰው ይህ አነጋገር ይገባዋል። ጄምስ ላክስተን ያን ፊልም በዲጂታሉ አሪ አሌክሳ ሲቀርጽ፣ የጥቁር ሰው ቆዳ በፓውደር እንዲደበዝዝ አልፈለገም፤ በወዙ እንዲያበራ እንጂ። ወዝ! ቋንቋችን ለዚህ ብርሃን ስም ካወጣለት ስንት ዘመኑ ነው። መሣሪያው ገና አሁን ደረሰበት። እንግዲህ «የካሜራው ጥፋት ነው» የምንልበት ዘመን እያለፈ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የእናቶቻችን ፊት ቢጨልም፣ የጨለመው በሚያነሣቸው ሰው ዓይን ነው።

ማስታወቂያው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከእናቴ ጋር አየነው። እኔ የታየሁት በእጄ ብቻ ነው። እኒያ እናት ግን ለሦስት ሰኮንድ ያህል ከጥለታቸው ክርና ከዓይናቸው ሥር ካለው ሽብሽብ ጋር ታዩ። እናቴ «የት አገር ሰው ይሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ካሴቱን ወደ ዲጂታል ላስገለብጠው አስቤ ነበር። መገልበጡ ይቻላል፤ ፊቷን መመለስ ግን አይቻልም። ያልተመዘገበ ገንዘብ ሒሳብ ሲመረመር እንደማይገኝ ሁሉ፣ ያን ቀን ያልተያዘ ብርሃንም ዛሬ ከየትም አይመጣም። ለአያቴ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፦

ነጠላሽን አየሁ ሲበራ ሲነጣ፣
እልልታሽ ደረሰኝ ከካሴቱ ወጣ፤
ፊትሽን ልጠይቅ ወደ ማን ልምጣ?
ብርሃኑ ዘገየ፣ ስትሄጂ መጣ።