አለቃ ገብረ ሃና መተማ ወርደው ያውቃሉ?

ከባሕር ዳር የተነሣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። መኪናውን የሚነዳው የወንድሜ ልጅ ሰሊጥ ይነግዳል። «እትዬ፣ ድሮ የሠሩበትን አገር ላሳይዎት» ብሎ ነው ያስነሣኝ። የማሳየውስ እኔ ነበርኩ፤ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ግብዣ አይመርጥም።

እሱ መንገድ ላይ ቀልድ ካልሰማ መንዳት አይሆንለትም። ስልኩ ውስጥ የዘመኑን ቀልደኞች ሁሉ አጭቋል። የእነ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰን ቀልድ በቴሌቪዥን እያየሁ ያደግሁ መስሎት ያሰማኛል፤ እኔ ግን ያኔ የልጆች እናት ነበርኩ። ወረታ ስንደርስ ስልኩን አጥፋ አልኩት። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል። በልጅነቴ ይህ አገር ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። በስተግራ፣ ወደ ጣና ዳር ናበጋ አለ። «የቀልደኞችህ ሁሉ አያት የተወለዱት እዚያ ነው» አልኩት።

አለቃ ገብረ ሃና ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው፤ እኔ ይህ ይቆጨኛል። ሰውየው በመጀመሪያ ሊቅ ነበሩ። ቅኔ ተቀኝተዋል፣ አቋቋም ተምረው አስተምረዋል፣ ፍትሐ ነገሥት ያውቃሉ። ገና በወጣትነታቸው የጎንደር በአታ አለቃ ሆኑ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ግን አልተስማሙም፤ ምላሳቸው ለንጉሥም አይመለስም ነበርና። ሸሽተው ጣና ውስጥ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ገቡ። ሲነገር እንደሰማሁት፣ እዚያ ተቀምጠው የባሕሩን ማዕበልና ዳር ላይ የበቀለውን ደንገል ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ደንገሉ ዘንበል ቀና የሚሉበት ማለት ነው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አልወደዱትም። ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ወስዶ አስተማረውና ዛሬ «የተክሌ ዝማሜ» ይባላል። ጥምቀት ላይ ዐይናችሁን የሚይዘው እሱ ነው።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። «ቀልዱንስ?» አለኝ።

ቀልዱን እሱም ያውቀዋል። አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» ይሉታል። ሰውየው ደኅና ብሎ አልፎ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ነው ብቻውን መሆኑና ሰላምታው ለአህዮቹም መሆኑ የሚገባው። ደግሞ ምሳ የተጠሩ ዕለት፣ መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘልላ ወጣች። ባለቤቲቱ እንዳላየች ሆነች፣ አለቃም እንዳላዩ ሆኑ። በልተው ሲያበቁ ግን ተነሥተው ሲመርቁ አይጧን በግጥሙ ቤት መምቻ ውስጥ ሸጉጠዋት ወረዱ። ምርቃቱን ስለምታውቁት አልደግመውም። እኔ ግን ስለ ምግብ ንጽሕና ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። እናቶች ይሥቁና ቤታቸው ሲገቡ መሶቡን ይፈትሻሉ።

በኋላ አለቃ ሸዋ ወርደው ከምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ቤት ቀልደዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ያለው ቀልድ ብቻውን መጽሐፍ ይሞላል። ያልተናገሩትም በስማቸው ይለጠፋል። አዲስ ቀልድ የፈጠረ ሰው በራሱ ስም ቢናገረው ማን ይሰማዋል? «አለቃ ገብረ ሃና…» ብሎ ሲጀምር ጆሮ ሁሉ ይከፈታል።

አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ከጎንደር እስከ መተማ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይከል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነጠላዬን ተከናንቤ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ነጠላው ወለቀ፤ ገንዳ ውሃ ስንደርስ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ከዚያ ወደ ደቡብ ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት ቋራ አለ። ከፊታችን ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ። ከተማዋ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደርቡሽ በዚሁ በኩል ወጥቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጥሏል። ቆላው የነገሥታት ታሪክ ሞልቶታል፤ እኔ ግን መተማ ሳስብ የሚታወሰኝ አንድ የእስቴ ሰው ነው።

በ1986 ዓ.ም. ነው። ሁለት ልጆቼን ለእናቴ ትቼ በዚያ ቆላ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። በሰሊጥ ወቅት ከደጋው፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ጉልበት ሠራተኛ ይጎርፋል። እዚያው ቆላ የሰነበቱትን ሳሉግ ይሏቸዋል። ቀን ያጭዳሉ፣ ሌሊት ከግራር ሥር፣ ከተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ይተኛሉ። ካላዛር የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚወደው ይህንኑ ነው። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ካልታከመም ከሞት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያኔ ሕክምናው በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለ30 ቀን ነበር። መርፌው ያማል። በኋላ በሁለት መድኃኒቶች ጥምር ወደ 17 ቀን ወርዶ ነበር፤ ያኔ ግን 30 ቀን ታማሚን አስተኝቶ ማቆየት ከመውጋቱ ይከብድ ነበር።

ይህ የእስቴ ሰው ማታ ማታ ፋኖስ ከበራ በኋላ አልጋው ላይ ቁጭ ይልና «አለቃ ገብረ ሃና…» ብሎ ይጀምራል። አጥንቱ ቀርቷል፣ ድምፁ ግን የደብተራ ነው። ክፍሉ በሣቅ ይናጋል። አንድ ማታ መድኃኒት ልሰጥ ስገባ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁት። አለቃ ታመው መተማ ጤና ጣቢያ ገቡ ይላል። ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ነርስ መጥታ «አለቃ፣ ዞር ይበሉ» አለቻቸው። አለቃ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ። «ኧረ ወዴት ነው?» ስትላቸው፣ «ዞር ይበሉ አልሽኝ፣ ዞር ልልልሽ ነዋ!» አሉ። «ልወጋዎት እኮ ነው!» አለች። አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ደርቡሽ እንኳ እዚሁ መተማ ሲወጋን በፊት ለፊት ነው፤ አንቺ ልጄ፣ ከኋላ?» አሏት።

ጥቁር ጃንጥላ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ለፀሐዩም ለዝናቡም ከእጄ አትለይም።

ዛሬ ብሰማው ወገቤን ይዤ እሥቃለሁ። ያኔ 33 ዓመቴ ነው፣ ልጆቼ ናፍቀውኛል፣ ከደርቡሽ ጋር መወዳደሬ ከነከነኝ። ገባሁና «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወሬ የለም፤ እዚህ የታመመ ሰው አለ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ታማሚ «ሲስተር፣ የታመምነውማ እኛው ነን» አለኝ። አልሰማሁትም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች መርፌያቸውን ሳይጨርሱ ጠፉ። በአራተኛው ቀን የእስቴውም ሰው አልጋ ባዶ ሆነ። ካርዱ ላይ 19 መርፌ ተመዝግቧል። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበር፤ ሰሊጥ ደግሞ ከደረቀ ፍሬው ይረግፋልና አይጠብቅም፤ የቀን ክፍያውም በዚያ ሳምንት ይንራል። ለደሞዙ ብሎ ነው የሄደው ብለን መዘገብን። እኔም ለብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚሁ አልኩ። ግን ገብተው የሚሄዱ ሰዎችን ለዓመታት አይቻለሁ፤ ማታ የሚጠብቁት ነገር ያላቸው ይቆያሉ።

መተማ ዮሐንስ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ድንበሩ ላይ ያለውን ድልድይ፣ ማዶ ያለችውን ጋላባትን አየን። የጭነት መኪና ተሰልፏል፣ የሰሊጥ ጆንያ ተከምሯል። የወንድሜ ልጅ ዋጋ ሲጠይቅ እኔ አንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ቁጭ አልኩ። ከርከዴ ቀዳችልኝ። ዙሪያውን የተቀመጡት ወጣት የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ክንዱን ይዞ፣ ለወባ ተወግቼ ያመኛል አለ። ሻይ ሻጯ ሣቀችና «አንተስ በክንድህ ነው፤ አለቃ ገብረ ሃናን ባየሃቸው!» አለችው።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

ቀልዱን አወራችው። ዞር ይበሉ፣ ጋቢው፣ መቋሚያው፣ ደርቡሹ፣ ሁሉም አለ። ጥቁር ጃንጥላዋም አለች። ልጆቹ ሣቁ፤ እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ቀጠለች። አለቃ ተቆጥተው ኮኪት ድረስ ሄዱ። እዚያ ትኩሳቱ ጣላቸው። ተመልሰው መጥተው በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ስንት ቀረኝ?» አሏት። ነርሷ ካርዱን አየችና «አሥራ አንድ» አለች። አለቃም ጀርባቸውን ሰጥተው «በይ እንግዲህ ጨርሺኝ» አሉ።

ከማን እንደሰማችው ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ይህንማ እዚህ ሁሉም ያውቀዋል» አለች። እናቷ ሻይ ስትሸጥ ጀምሮ ይወራ ነበር። አለቃ ገብረ ሃና መተማ ወርደው ታክመዋል ብላ ታምናለች። በአለቃ ዘመን እዚህ ነርስ አልነበረም ብዬ ልነግራት ከአፌ ደርሶ ተውኩት።

የወንድሜ ልጅ ሲመለስ ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረና «19 እና 11፣ 30! እትዬ፣ ሰውየው ተመልሶ ጨርሷል ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቀልድ ካርድ አይሆንም። ስንት እንደቀረው የሚያውቅ ሰው እርሻው ላይ ሆኖም ሊያወራው ይችላል፣ በዚያው ወር ሊሞትም ይችላል። እኔ በጥር ወር ተቀይሬ ወጥቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቢመለስ የሚወጋው ሌላ ሰው ነው። ግን «በይ ጨርሺኝ» የሚለውን ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ ያወራው ይሆን? እዚያ መቀመጫ ላይ ይህን ሳሰላስል ከርከዴው ቀዘቀዘ።

የወንድሜ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ልቅዳት አለ። ሻይ ሻጯ «መጀመሪያ ለእነዚህ ልቅዳላቸው» ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች። ስትመለስ ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ፣ ቀስ ብላ፣ ጠየቅኳት።